የመጽሐፍ አብነት አመራረጥ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ የተነገረ ንግግር



መጽሐፍ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው የቃሉ ሥራ ነው፤ ይኸውም ደራሲው አስቦና መርምሮ ጽፎ የሚጨርሰው ነው። ሁለተኛው የመልኩ ሥራ ነው፤ ይኸውም የተጻፈው ቃል በወረቀት ላይ በምን መጠን፥ በስንት ዓምድ፥ በምን ፊደልና በምን ሥርዓት እንዲቀመጥ የሚወሰንበት ነው። ቀድሞ የመልኩን ሥራ ቁም ጸሐፊው፥ ኋላም የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ይሠራው ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር በየቤቱ ስለ ገባ ሁለቱም ሥራ በአንድ ሰው እጅ ላይ ወድቋል። የደብሩን ታሪክ የሚጽፍ ሽማግሌ፥ የመምህሩን ቅኔ የሚሰበስብ ደቀ መዝሙር፥ ለልጆች ማስተማሪያ የሚያዘጋጅ አስተማሪ፥ እያንዳንዳቸው ደራሲም አዘጋጅም ሆነው በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ።

እንዲህ ያለው ሰው የመጽሐፍ ማዘጋጃውን ሶፍትዌር በከፈተ ጊዜ አንድ ፊደል ሳይጽፍ አስቀድሞ የሚጠየቀው ነገር አለ፤ ይኸውም በየትኛው አብነት እንደሚጀምር ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ እንደ ደጃፍ ቈጥረው በችኰላ ያልፉታል፤ መጀመሪያ የታያቸውን ወይም ለዐይን ያማረውን መርጠው ይገባሉ። ነገር ግን ደጃፍ የመሰላቸው የቤቱ መሠረት ነው። 300 ገጽ ከተጻፈ በኋላ መሠረቱን ማናወጥ ምን ያህል ድካም እንደሚያመጣ የሚታወቀው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ የዚህ ንግግር ዐሳብ አንድ ነው፤ አብነት ለመጽሐፉ ይመረጣል እንጂ መጽሐፍ ለአብነቱ ተብሎ አይቈረጥም። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ አብነት ምንነት

አብነት ማለት ተመልክተው የሚሠሩበት ምሳሌ ነው። በመጽሐፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ውስጥ አብነት የሚባለው አስቀድሞ የተሰናዳ፥ ቃል የሌለበት፥ ሥርዓት ግን ያለበት ፋይል ነው። የገጹ ቁመትና ወርድ፥ የኅዳጉ ስፋት፥ የፊደሉ ዐይነትና መጠን፥ የምዕራፉ ርእስ አቀማመጥ፥ የገጽ ቍጥሩ ሥፍራ፥ የማውጫው አወጣጥ፥ ይህ ሁሉ በውስጡ ተወስኖ ይገኛል። ጸሐፊው ቃሉን ብቻ ያገባበታል።

ይሁን እንጂ አብነት ሁሉ አንድ ዐይነት ስላይደለ አስቀድሞ ሁለቱን ወገኖች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ወገን የአጻጻፍ አብነት ነው። ለምሳሌ በ2007 የወጣው ስክሪቭነር የሚባለው ሶፍትዌር አዲስ ሥራ ሲጀመርበት ለልብ ወለድ፥ ለአጭር ታሪክ፥ ለቴአትርና ለጥናት የተለያዩ አብነቶችን ያቀርባል። እነዚህም ለጸሐፊው ክፍልን፥ ምዕራፍንና የማስታወሻ ማኅደርን አዘጋጅተው ይሰጡታል፤ የገጹ መልክ ግን የሚወሰነው ሥራው አልቆ ሲወጣ ነው። ሁለተኛው ወገን የኅትመት አብነት ነው። ለምሳሌ በ1999 የወጣው ኢንዲዛይን ከመጀመሪያው የገጹን መጠን፥ ኅዳጉንና የዓምዱን ብዛት ይጠይቃል፤ የሚረዳውም የጽሕፈቱን ሥራ ሳይሆን የገጹን ሥራ ነው።

ዐሳቡን ገና ያልጨረሰ ሰው በኅትመት አብነት የጀመረ እንደ ሆነ አንድ አንቀጽ በጨመረና በቀነሰ ቍጥር ገጹ ስለሚናወጥበት ጊዜውን ሥዕልና ርእስ በማስተካከል ይጨርሳል። ደግሞም ጽሑፉን የጨረሰ ሰው የአጻጻፍ አብነት ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት የሄደ እንደ ሆነ የሚታተም ገጽ ስለሌለው ባዶ እጁን ይመለሳል። እንግዲህ መራጩ በመጀመሪያ ሥራው ከየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ራሱን ይጠይቅ።

የቀደሙት ጸሐፍት ሥርዓት

የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፍት አብነት መምረጥን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ብራናው ተፍቆና ደርቆ ከተሰናዳ በኋላ ጸሐፊው ብርዑን ቀለም ከመንከሩ አስቀድሞ ጠርዙን በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ያለ ቀለም ያሰምራል። ይህ መስመር የመጽሐፉ አብነት ነው፤ አንባቢው አያስተውለውም፥ ፊደሉ ሁሉ ግን በእርሱ ላይ ይቆማል።

አሰማመሩም ለመጽሐፍ ሁሉ አንድ አልነበረም። መዝሙረ ዳዊት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓምድ ይጻፋል። መዝሙር በቃልና በዜማ የሚደገም ስለ ሆነ እያንዳንዱ ስንኝ በራሱ መስመር ላይ ቢያድር ዐይን የመስመሩን መጀመሪያ ቶሎ ያገኛል። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ የሚገባው ውዳሴ ማርያም ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ዓምድ ተጽፎ ይገኛል። አራቱ ወንጌልም በሁለት ዓምድ ይጻፋል፤ እንደ ስንክሳር ያለው ታላቅ መጽሐፍ ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይሰመራል። ገጹ ሰፊ፥ ንባቡም ረጅም ስለ ሆነ በአንድ ዓምድ ቢጻፍ የአንባቢው ዐይን ከመስመሩ ጫፍ ወደ ቀጣዩ መስመር ሲመለስ ይስታልና ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጸሐፊው የመስመሩን ሥርዓት ያወጣው ከመጽሐፉ አገልግሎት ነው እንጂ ከጐረቤቱ መጽሐፍ ውበት አይደለም። ሁለት ዐይነት ንባብ በአንድ ጥራዝ ቢገናኙ እንኳ ለየአንዳንዱ የሚገባውን መስመር ሰጥቶታል።

የጉተንበርግ ገጾች

በጀርመን አገር በማይንጽ ከተማ ዮሐንስ ጉተንበርግ የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ በ1455 ገደማ አትሞ ባወጣ ጊዜ የሆነው ነገር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምስክር ነው። መጽሐፉ ዛሬ ባለ 42 መስመር መጽሐፍ ቅዱስ ተብሎ ይታወቃል፤ ሆኖም ከመጀመሪያው 42 መስመር አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በየዓምዱ 40 መስመር ይዘው ታተሙ፤ ቀጥሎ አንድ ገጽ 41 መስመር ሆነ፤ ከዚያ በኋላ 42 መስመር ጸና። መስመሩ ቢቀራረብ ብዙ ወረቀት እንደሚተርፍ ግልጽ ነው። ደግሞም ርእሱን በቀይ ቀለም በማተሚያ ማተም ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ጥቂት ገጽ ከሠራ በኋላ ተወው፤ ቀዩንም ሰው በእጁ እንዲጽፈው ክፍት ቦታ አስቀረ። የሚታተመው ቅጂ በበዛ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ገጾች እንደ ገና በ42 መስመር ተለቅመው ታተሙ። ስለዚህ ከቀሩት ቅጂዎች አንዳንዱ በመነሻው 40፥ አንዳንዱ 42 መስመር ይዞ ይታያል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፤ አብነትን መለወጥ ነውር አይደለም፤ በሥራው የታወቀው ሰው እንኳ ለውጦታል። ሁለተኛ፤ ለውጡ ያላጠፋው በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ስለ ተደረገ ነው። ከ1,200 ገጽ በላይ ያለውን ሥራ ከፈጸመ በኋላ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቅ እንደ ነበር ማሰብ አያስቸግርም።

የላቴክ ምሳሌ

ነገሩ በጥቅሉ ብቻ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ሶፍትዌር በምሳሌነት ይቅረብ። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዶናልድ ክኑት በ1977 የመጽሐፉን ሁለተኛ ቅጽ አዲስ እትም ረቂቅ ኅትመት ባየ ጊዜ የፊደሉ አጣጣል አላስደሰተውም። ስለዚህ ቴክ የተባለውን የፊደል ማቀናበሪያ ራሱ ሠራ፤ ለጥቂት ጊዜ ያሰበው ሥራም ብዙ ዓመት ወሰደበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌስሊ ላምፖርት በቴክ ላይ ላቴክን መሠረተ። የላቴክ ዋና ሥርዓት ቃልንና መልክን መለየት ነው። ጸሐፊው ይህ ምዕራፍ ነው፥ ይህ ንዑስ ርእስ ነው፥ ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ምዕራፉ በስንት መጠን ፊደል፥ በገጹ በየትኛው በኩል እንደሚቀመጥ የሚወስነው ግን አብነቱ ነው።

ከላቴክ ጋር የሚመጡት ዋነኞቹ አብነቶች አርቲክል፥ ሪፖርትና ቡክ ይባላሉ። አርቲክል ምዕራፍ የሚባል ነገር የለውም፤ ለአንድ ንግግር ወይም ለአጭር ጥናት ይስማማል። ሪፖርት ምዕራፍ አለው፤ ካልታዘዘ በቀር በወረቀቱ በአንድ ፊት ብቻ እንደሚታተም ቈጥሮ ያዘጋጃል፤ ምዕራፉም በሚቀጥለው ገጽ ይጀምራል። ቡክ በወረቀቱ በሁለት ፊት እንደሚታተም ያዘጋጃል፤ ምዕራፉን ሁልጊዜ በቀኝ ገጽ ያስጀምራል፤ መጽሐፉንም በሦስት ክፍል ይለያል። መቅድሙና ማውጫው ያሉበት ፊተኛው ክፍል በሮማውያን ቍጥር፥ ዋናው ክፍል በተለመደው ቍጥር ይቈጠራል፤ በኋለኛው ክፍል ያሉት ምዕራፎች ቍጥር አይሰጣቸውም።

እንግዲህ 12 አጫጭር ጽሑፎች ያሉበትን ባለ 40 ገጽ የመታሰቢያ መጽሔት በቡክ አብነት የሚያዘጋጅ ሰው ጽሑፉ ሁሉ በቀኝ ገጽ ካልጀመረ ስለማይሆን በየመካከሉ ብዙ ባዶ የግራ ገጽ ያገኛል፤ ለባዶውም ወረቀት ይከፍላል። 400 ገጽ የሚሆን ታሪክ በአርቲክል የጀመረ ደግሞ መጽሐፉን በምዕራፍ ሊከፍል ሲል መሣሪያ ያጣል። በሁለቱም ዘንድ ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን አድርጓል።

ከዚህም ሌላ አብነቱ ሳይጠየቅ በራሱ የሚወስዳቸው ነገሮች አሉ። እነዚህ ሦስቱ አብነቶች ካልተነገራቸው በቀር የአሜሪካንን ወረቀት ይወስዳሉ፤ እርሱም ወርዱ 216 ቁመቱ 279 ሚሊ ሜትር ነው። በኢትዮጵያና በአውሮፓ የተለመደው ኤ4 ግን ወርዱ 210 ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመጽሐፍ የሚመቸው ኤ5 ደግሞ የእርሱ እኩሌታ ነው። ይህን ያልጠየቀ ሰው ኅዳጉ እንደ ተዛባ የሚያውቀው ወረቀቱ ከማተሚያው ከወጣ በኋላ ነው።

ስለ ወረቀትና ስለ ጥረዛ አብዝተው የሚያስቡ ሌሎች አብነቶችም አሉ። ኮማ ስክሪፕት የተባለው ከ1994 ጀምሮ በማርኩስ ኮም የተዘጋጀ ነው፤ መነሻው የአውሮፓ ወረቀት ነው። ገጹን በእኩል ክፍሎች ከፍሎ የጽሑፉንና የኅዳጉን መጠን ያወጣል፤ በጥረዛው ተውጦ የሚቀረውንም ስፋት ለብቻው ይጠይቃል። በ2001 ፒተር ዊልሰን ያወጣው ሜሞዋር ደግሞ የማተሚያውን ወረቀትና ተከርክሞ የሚቀረውን ገጽ ለይቶ ያውቃል፤ የመከርከሚያውንም ምልክት ያሳያል። ለማተሚያ ቤት የሚሄድ መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ቢመርጥ ይጠቀማል፤ በቢሮ ማተሚያ ተባዝቶ በሽቦ ለሚያያዝ ጽሑፍ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

የግዕዝ ፊደል የሚሻው

የግዕዝ ፊደል በ1513 በሮማ ከተማ ዮሐንስ ፖትከን ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት መጀመሪያ ወደ ማተሚያ ገባ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለው ችግር አንድ ነው፤ መሣሪያው የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። ዛሬም አብዛኛው አብነት በላቲን ፊደል ልማድ ተቀርጿል፤ ስለዚህ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ምርጫው ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አንደኛ፤ የላቲን አብነት አንድን ቃል ለማጉላት ዘመም ያለ ፊደል፥ ለርእስም ዐቢይ ፊደል ይጠቀማል። የግዕዝ ፊደል ዐቢይና ንኡስ ተብሎ አይከፈልም፤ ዘመም ማለትም ልማዱ አይደለም። በብራና መጽሐፍ ርእስና የከበረ ስም የሚለየው በቀይ ቀለም ነው። ስለዚህ መራጩ አብነቱ ያለ ዘመምና ያለ ዐቢይ ፊደል ርእሱን ከንባቡ መለየት የሚችል መሆኑን ይመልከት። በቀይ ሊያስጽፍ ቢወድ ሁለተኛ ቀለም ሁለተኛ ዋጋ መሆኑን አስቀድሞ ያስላ።

ሁለተኛ፤ የግዕዝ ፊደላት አብዛኞቹ ቁመታቸው የተቀራረበ ስለ ሆነ ለላቲን የተመጠነው የመስመር ርቀት ለእነርሱ ይጠባል። ገጹ እንዳይጨልም መስመሩን ማራራቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ የመስመር አሰባበር ነው። ቁም ጸሐፊ መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን ከደረሰበት ፊደል ላይ ከፍሎ ያለ ምንም ምልክት ወደ ታችኛው መስመር ያወርደዋል። የላቲን አብነት ግን በክፍት ቦታ ላይ ብቻ ወይም በሰረዝ ምልክት ይሰብራል። አማርኛ እንደ «ስለማያስፈልጋቸውም» ያለ ረጅም ቃል ስለሚበዛበት ዓምዱ ጠባብ የሆነ እንደ ሆነ በቃላቱ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ይወጣል፤ ገጹም የተበሳ ወንፊት ይመስላል። ስለዚህ አብነቱ ቋንቋው አማርኛ መሆኑ ሊነገረው የሚችል ይሁን፤ አለዚያም ባለ አንድ ዓምድ ይመረጥ።

አራተኛ፤ አብነቱ በራሱ የሚጽፋቸው ቃላት አሉ፤ እነርሱም ምዕራፍ፥ ማውጫ፥ ሥዕል የሚሉት ናቸው። ቋንቋው ካልተነገረው እነዚህን በእንግሊዝኛ ይጽፋቸዋል፤ በአማርኛ መጽሐፍ ራስጌ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል ተጥሎ መገኘቱ ለአንባቢ ቅር ያሰኛል።

አምስተኛ፤ ግዕዙንና አማርኛውን ጐን ለጐን ለሚያሳትም ሰው አንድ የተለየ ወጥመድ አለበት። ባለ ሁለት ዓምድ የሚባለው አብነት ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ተራው ባለ ሁለት ዓምድ የመጀመሪያውን ዓምድ ከሞላ በኋላ ያንኑ ንባብ ወደ ሁለተኛው ያፈሳል፤ እንደ ጋዜጣ ማለት ነው። ግዕዝና ትርጓሜው ግን እያንዳንዳቸው በየዓምዳቸው እየወረዱ በየቍጥሩ መተያየት አለባቸው። አማርኛው ከግዕዙ ስለሚረዝም ግዕዙ ቆሞ ካልጠበቀው ሦስት ገጽ ሳይሄዱ ይለያያሉ። ለዚህ የሚሆነው ንባብን ከንባብ ጋር የሚያስተያይ አብነት ብቻ ነው።

መራጩ ራሱን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

አንደኛ፤ መጽሐፉ ምን ዐይነት ነው? ታሪክ የሆነ እንደ ሆነ ምዕራፍ፥ የግርጌ ማስታወሻና የስም ማውጫ ይፈልጋል። ቅኔ የሆነ እንደ ሆነ ቤቱ እንዳይሰበር ለረጅሙ ቤት የሚበቃ ወርድ ይፈልጋል፤ የመወድስ ረጅም ቤት በጠባብ ገጽ ላይ ሁለት ቦታ ቢሰበር አንባቢው የቤቱን ቍጥር ይስታል። የልጆች ማስተማሪያ ሥዕልንና ጥያቄን የሚያስተናግድ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ማን እንዴት ያነብበዋል? ዐይናቸው ለደከመ ሽማግሌዎች 10 ነጥብ ፊደል ቅጣት ነው። በስልክ ለሚነበብ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ኢፐብ በሚባለው ዐይነት አንባቢው ፊደሉን እንደ ወደደ ስለሚያሳድገውና ስለሚያሳንሰው ጽሑፉ እንደ ውኃ ይፈስሳል እንጂ የጸና ገጽ የለውም። በገጽ ቍጥር የታሰረ መጽሐፍ በዚያ ይቸገራል፤ በምዕራፍና በቍጥር የተከፈለ መጽሐፍ ግን በሁለቱም ይመቸዋል።

ሦስተኛ፤ በምን ወረቀት ይታተማል፤ እንዴትስ ይጠረዛል? ይህን ከማተሚያ ቤቱ ጠይቆ መረዳት የሚገባው ከመጀመሩ በፊት ነው። ወፍራም መጽሐፍ በሙጫ የተጠረዘ እንደ ሆነ የውስጡ ኅዳግ ካልሰፋ የመስመሩ ጫፍ ይዋጣል፤ አንባቢውም መጽሐፉን በግድ ሲዘረጋ ጥረዛው ይፈታል።

አራተኛ፤ ከደራሲው በኋላ ማን ይሠራበታል? መጽሐፍ ይታረማል፤ ይጨመርበታል፤ ሁለተኛ እትም ይወጣለታል። አብነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ የሆነ እንደ ሆነ እርሱ አገር የለቀቀ ቀን ሥራው ይቆማል። ላቴክ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊዎቹ ሁሉ በማይክሮሶፍት ወርድ የለመዱ ከሆነ በዚያው በወርድ የርእስ፥ የንዑስ ርእስና የንባብ ስልት በትክክል የተሰናዳበትን አብነት መምረጥ ይሻላል። የሚያውቁት ቀላል መሣሪያ ከማያውቁት ታላቅ መሣሪያ ይበልጣል።

አምስተኛ፤ ቃሉ ከአብነቱ በደኅና ይወጣልን? ይህ ከሁሉ የሚከብድ ጥያቄ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቍጥር ያስቀምጡት ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው ያለ እርሱ ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆናል። በዚያ ጊዜ በትጋት የተተየበ ብዙ ጽሑፍ ዛሬ በየማኅደሩ ተከማችቶ አንባቢ አጥቷል። ቃሉ አልጠፋም፤ ማደሪያው ግን ተዘግቶበታል። ስለዚህ ጽሑፉን በዩኒኮድ የሚያስቀምጥ፥ ወደ ሌላም ሶፍትዌር ሳይበላሽ የሚያስተላልፍ አብነት ይመረጥ። ጽሑፉም ጌጥ በሌለው ተራ ፋይል ተገልብጦ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

ስለ መፈተን

አብነትን በባዶነቱ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ሻጩም ሆነ ሠሪው የሚያሳየው ያማረውን ገጽ ነው፤ በዚያ ላይ ርእሱ አጭር፥ ንባቡም ልኩን የያዘ ነው። እውነተኛ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይመችም። ስለዚህ የሚፈትን ሰው ከራሱ ጽሑፍ እጅግ አስቸጋሪዎቹን ገጾች ይምረጥ፤ ሁለት መስመር የሚሞላውን ረጅም ርእስ፥ ብዙ የግርጌ ማስታወሻ ያለበትን ገጽ፥ ሥዕል ያለበትን፥ የስም ዝርዝር ያለበትን፥ ግዕዝና አማርኛ የተቀላቀሉበትን ይውሰድ። ከእነዚህ 16 ገጽ አዘጋጅቶ በእውነተኛው የወረቀት መጠን ያትም፤ በኮምፒዩተሩ መስኮት ያማረው በወረቀት ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛልና። ያተመውንም ለአንድ ሽማግሌና ለአንድ ልጅ ሰጥቶ ጮኽ ብለው እንዲያነቡለት ይለምን። ሽማግሌው የት ላይ እንደ ቆመ፥ ልጁ የትኛውን መስመር ዘሎ እንዳነበበ ይመልከት። የሁለት ሰዓት ፈተና የሁለት ወር ድካም ያስቀራል።

ስለ ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ሰው አብነት አያስፈልግም፥ ከባዶ ገጽ መጀመር ይሻላል ይላል። ነገር ግን ባዶ ገጽ የሚባል ነገር በሶፍትዌር ውስጥ የለም። ባዶ የሚመስለው ገጽም መጠን፥ ኅዳግ፥ ፊደልና የመስመር ርቀት አለው፤ እነዚህን የወሰነው ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ ሁሉም በአብነት ይጀምራል፤ ልዩነቱ አውቆ በመረጠውና ሳያውቅ በተቀበለው መካከል ነው።

ሌላው ደግሞ በአብነት የተሠራ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ይመስላል፥ የደራሲውንም መልክ ያጠፋል ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ በቅኔ ቤት አለ። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፥ ዘአምላኪየ 3 ቤት፥ መወድስ 8 ቤት ነው፤ የቤቱን ቍጥር ተማሪው አልወሰነውም፥ መምህሩም አይለውጠውም። ይሁን እንጂ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ስንት ሺህ ሰው ተቀኝቶ የአንዱ ምሥጢር ከሌላው አልተመሳሰለም። ባለሙያ ቅኔውን ሲያስብ ለዐሳቡ የሚበቃውን ቤት ይመርጣል፤ ለ2 ቤት የሚበቃውን ዐሳብ ወደ 8 ቤት የሚጐትት ቃል ያባክናል፤ የ8 ቤቱን በ2 ቤት የሚጨቍን ምሥጢሩን ያፍናል። ቤቱ ለቅኔው እንደ ሆነ አብነትም ለመጽሐፉ ነው።

ማጠቃለያ

ክቡራን ታዳሚዎች፤ በየደብሩ፥ በየገዳሙና በየቤቱ ገና ያልተጻፈ ብዙ ነገር አለ። የመሥራቾች ታሪክ፥ የመምህራን የትምህርት ሐረግ፥ የአዝመራና የረኃብ ዘመን ትዝታ፥ በቃል ብቻ የቀረ ቅኔ በሽማግሌዎች ዘንድ ይገኛል፤ እነርሱም በየዓመቱ እያለፉ ነው። ይህን ለማትረፍ የተነሣ ሰው ጊዜው አጭር ነው። መሣሪያውን ሳይመረምር ቢነሣ ድካሙ በመካከል ይቀርበታል፤ መሣሪያ ሲመርጥ ቢውልና ቢያድርም ሽማግሌው ሳይናገር ያርፋል። ሁለቱም ጥፋት ነው።

ስለዚህ ቃሉን የሚሰበስብ ሰው መሰብሰቡን ለነገ ሳይል ዛሬውኑ በተራ የዩኒኮድ ጽሑፍ ይጀምር፤ ይህ የሚያስጠብቀው ምርጫ የለውም። ምዕራፉን በምዕራፍነቱ፥ ማስታወሻውን በማስታወሻነቱ ለይቶ ምልክት ያድርግበት። ከዚያ በኋላ 16 ገጹን ፈትኖ ለመጽሐፉ የሚገባውን አብነት በዝግታ ይምረጥ። ቃሉ ከመልኩ ተለይቶ የተጠበቀ እንደ ሆነ የዛሬው ሶፍትዌር ቢያረጅ በሚመጣው ይገለበጣል፤ የዛሬው ገጽ ቢጠብ በሚመጣው ይሰፋል። ከ50 ዓመት በኋላ የሚነሣ ልጅም የአያቱን ነገር ከፍቶ ለማንበብ የማንንም ቍልፍ አይለምንም።